አባቴ በሕይወት ላለ ቦክሰኛ ለምን ሐዘን ተቀመጡ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አባቴ 58 ዓመታቸው ነው። ተወልደው ካደጉበት ካዛንቺስ ወደ ገላን ጉራ ከተዛወርን ገና ጥቂት ሳምንታችን ነው። ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት ታናሽ ወንድሜ የቀድሞውን ሻምፒዮን የማይክ ታይሰንንና የወጣቱን የጄክ ፖልን የቦክስ ግጥሚያ በስልኩ ከፈተላቸው። ምስሉ እየተቆራረጠም ቢሆን እስከ መጨረሻው አዩት። ታይሰን ተሸንፎ ሲያልቅ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ወደ ደጅ ወጡ፤ ስከተላቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ይኸው ሳምንት ሆነ፣ ምግብ ይቀንሳሉ፣ ከሰው አይጫወቱም። አጎቴ የሞቱ ጊዜ እንኳ እንዲህ ሲሆኑ አላየሁም። ታይሰን ደግሞ አልሞተም፤ አባቴን አያውቃቸውም፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ቤቱ ገብቷል። ከዚህም ሌላ፣ እኔ ሴት ልጃቸው ነኝና፣ በአስገድዶ መድፈር ለታሰረ ሰው ማዘናቸው ቅር አሰኝቶኛል። ይህ የጤና ነው? ምን ላድርግ? ቪዲዮውን ከስልኩ ላጥፋባቸው?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ቪዲዮውን አታጥፊው። አባትሽን የያዛቸው ሐዘን ነው፤ እስካሁን ከጻፍሽልኝ ውስጥ በሽታ የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። ሐዘን ወደ በሽታ የሚያደላበት ምልክት ስላለ እሱን ወደ ማብቂያው እነግርሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለምን እንዳዘኑ እንድትረጂላቸው እፈልጋለሁ። እንዲህ ያለው ሐዘን ሰውን የሚጎዳው ብቻውን ሲሸከመው ነው፤ አንቺ ደግሞ አጠገባቸው ነሽ።

የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ የሚበዛው በሱሉልታና በእንጦጦ ከሚሠለጥኑ ሯጮች ጋር፣ በተለይም ጊዜያቸው እያለፈባቸው ካሉት ጋር ነው። ስለዚህ የሻምፒዮን መውደቅ የዘወትር ሥራዬ ነው፤ የሚወድቀውንም፣ ሲወድቅ ቆመው የሚያዩትንም አውቃቸዋለሁ።

በሙያችን ስለ ደጋፊ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1976 ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያደረጉት ጥናት ነው። የዩኒቨርሲቲው ቡድን ባሸነፈ ማግስት የዩኒቨርሲቲውን ስም የያዘ ልብስ ለብሰው የሚመጡት ተማሪዎች ይበዛሉ። ስለ ግጥሚያው ሲጠየቁም፣ ድል ከሆነ «አሸነፍን» ይላሉ፤ ሽንፈት ከሆነ «ተሸነፉ»። ከ10 ዓመት በኋላ ስናይደርና ባልደረቦቹ የዚህኑ ነገር ሌላ ጎን አሳዩ፤ ሰው ከወደቀ ወገን ራሱን ቶሎ ያርቃል። በ1998 ደግሞ በርንሃርትና ባልደረቦቹ የደጋፊዎችን ምራቅ መርምረው፣ ቡድናቸው ሲያሸንፍ ቴስቶስቴሮን የተባለው ሆርሞን ከፍ እንደሚል፣ ሲሸነፍ ዝቅ እንደሚል አገኙ። ደጋፊ በዓይኑ ብቻ አያይም፤ አካሉም አብሮ ይጋጠማል።

ይህን ሁሉ ይዘሽ አባትሽን ብታያቸው ግን አይገጥምልሽም። በጥናቶቹ መሠረት ከታይሰን መሸሽ ነበረባቸው። «እሱ እኮ አርጅቷል» ብለው ስልኩን ለልጃቸው መልሰው ቁርሳቸውን በበሉ ነበር። አልሸሹም። መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው ከተሸነፈ ቡድን የሚሸሸውን ያህል ከወደቀ ቦክሰኛ ለምን አይሸሽም?

ነገሩ የሽንፈት ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ያሸነፈው ሰው ባላዘነ ነበር። የቦክስን ታሪክ ስትመለከቺ ግን ሻምፒዮኑን የጣለው ራሱ ሲያለቅስ ታገኚዋለሽ። ጆ ሉዊስ እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1949 የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነበር፤ ክብሩን 25 ጊዜ አስጠብቆ ከውድድር ተገለለ። የግብር ዕዳ ሲያስጨንቀው ተመልሶ፣ በጥቅምት 1951፣ በ37 ዓመቱ፣ ኒው ዮርክ ላይ ከሮኪ ማርሲያኖ ጋር ገጠመ። ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር ዘረረው። ከዚያ በኋላ ማርሲያኖ ራሱ የሉዊስ መልበሻ ክፍል ድረስ ሄዶ አለቀሰ። ወደ 29 ዓመት ገደማ ቆይቶ ላስ ቬጋስ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። መሐመድ አሊ 38 ዓመቱ ነበር። ተጋጣሚው ላሪ ሆምስ ቀድሞ አሊን ሲያለማምድ የኖረ፣ ሙያውን ከእሱ ጎን ሆኖ የተማረ ሰው ነው። አሊ መምታትም መሸሽም አቃተው። ሆምስ እየመታው ዳኛውን ዞሮ ያይ ነበር፣ አስቁመው እንደ ማለት። ከ10ኛው ዙር በኋላ አሠልጣኙ አንጀሎ ዳንዲ አስቆመው። ሆምስም አለቀሰ። ባለፈው ቅዳሜም አባትሽ አይተውት ይሆናል፤ የመጨረሻው ደወል ሊደወል ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ጄክ ፖል መማታቱን ትቶ ለታይሰን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

የኛን አገርም ታውቂዋለሽ። አቴንስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 በ10,000 ሜትር ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ከፊት ሆነው ወደ ኋላ እየዞሩ ኃይሌን ይፈልጉ ነበር። ኃይሌ የተረከዙ ጅማት ተጎድቶ ነው የሮጠው፤ አምስተኛ ወጣ። በዚያ ምሽት ወርቁም ብሩም የኛ ሆኖ ሳለ ፊቱ የጨፈገገ ሰው ብዙ ነበር።

ታዲያ የሚለቀሰው ለምኑ ነው? ከሥራዬ የደረስኩበትን ልንገርሽ። አብዛኛው ሰው አካሉ አይታዘዝለትም። መነሣት ሲፈልግ ይደክመዋል፤ መናገር ሲፈልግ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ መሸሽ ሲገባው እግሩ ይከዳዋል። ሻምፒዮን ማለት፣ ሰው በገዛ አካሉ ላይ ሙሉ ሥልጣን ሊኖረው እንደሚችል በዓይናችን ያሳየን ምስክር ነው። ደጋፊ ያን ምስክር ለራሱም ይጠቀምበታል፤ «ሰው እንዲህ ሊሆን ይችላል፣ እኔም ሰው ነኝ» እያለ። ምስክሩ ሲወድቅ የሚታዘነው የአንድ ቀን ድል ስለጠፋ አይደለም፤ ያ ማስረጃ ከእጅ ስለወጣ ነው። የሥነ ልቦናው ሊቅ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1917 ስለ ሐዘን ሲጽፍ፣ ሰው የሚያዝነው ለሞተ ሰው ብቻ እንዳልሆነ፣ በሰው ቦታ ለቆመ ነገርም፣ ለአገር፣ ለነጻነት፣ ለተመኙት ነገር ሁሉ እንደሚያዝን አስታውሶ ነበር። ስለዚህ «ታይሰን እኮ አልሞተም» የሚለው ክርክር አባትሽን አያጽናናቸውም። የሞተው ሌላ ነገር መሆኑን እሳቸው ያውቁታል።

ቦክስ ላይ ይህ ከሌላው ስፖርት ይልቅ ይበረታል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ይድነቃቸው ተሰማ የተጫወቱለት ክለብ ዛሬም አለ፤ ተጫዋቹ ያልፋል፣ ማልያው ይቀጥላል። ቦክሰኛ የሚተካው ሰው የለውም። ስሙም፣ ሙያውም፣ ክብሩም ያው አንድ አካል ውስጥ ነው ያሉት። ያ አካል ግማሽ ራቁቱን ሆኖ፣ በጠባብ ሪንግ ውስጥ፣ በመብራት ስር፣ ሁሉም እያየው ያረጃል።

የታይሰን ደግሞ የባሰ ነው። ቁመቱ ለከባድ ሚዛን አጭር ነበር። አሠልጣኙ ከስ ዳማቶ ያስተማረው ሁለቱን እጆቹን አገጩ ጋ አስጠግቶ፣ ጭንቅላቱን ያለ ማቋረጥ እያወዛወዘ፣ ከረጃጅሞቹ ቡጢ ስር ሾልኮ እንዲገባ ነው። ይህ ስልት በሙሉ የሚቆመው በእግርና በወገብ ፍጥነት ላይ ነው። ሰው ሲያረጅ የመምታት ኃይሉ ቶሎ አይጠፋም፤ ቀድሞ የሚሄደው እግሩና የጊዜ ስሌቱ ነው። ዓይኑ ክፍተቱን ያያል፤ እጁ እስኪደርስ ክፍተቱ ተዘግቷል። እ.ኤ.አ. በ1988 ማይክል ስፒንክስን ለመዘረር 91 ሰከንድ የበቃው ሰው፣ አሁን በስምንት ዙር ተጋጣሚው ላይ ያሳረፈው ቡጢ 18 ብቻ ነው። በ1988 ያየውን በልቡ የያዘ ሰው ለ16 ደቂቃ የሚያየው ሁለት ታይሰኖችን ነው፤ ስልኩ ላይ ያለውንና እሱ የሚያስታውሰውን። ወንድምሽ ያየው አንዱን ብቻ ነው። እሱ «አሰልቺ ግጥሚያ ነበር» ሊል ይችላል፣ እውነቱንም ነው።

ሯጭ ሲደክም ከመንገዱ ወጥቶ ይቆማል። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2010 ኒው ዮርክ ላይ ማራቶኑን አቋርጦ እያለቀሰ «በቃኝ» አለ፤ ከቀናት በኋላ ሐሳቡን ለወጠ፤ ተመልሶ ሮጠ። ቦክሰኛ መድከሙ የሚታወቀው ሲመታ ነው። የቡጢ ብዛት የሚያስከትለው ሕመም በሕክምናው ዓለምም ከታወቀ ቆይቷል፤ ማርትላንድ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1928 ብዙ ቡጢ የቀመሱ ቦክሰኞች አነጋገራቸውና አካሄዳቸው እንደሚበላሽ ጽፎ ነበር። አሊ ከሆምስ በኋላ እንኳ በታኅሣሥ 1981 አንድ ጊዜ ተጋጥሞ ተሸነፈ፤ በ1984 ፓርኪንሰን እንዳለበት ተነገረው። የገዛ ሐኪሙ ፈርዲ ፓቼኮ በ1977 ከኧርኒ ሼቨርስ ጋር ካደረገው ከባድ ግጥሚያ በኋላ «አቁም» ብሎት ስላልሰማው ትቶት ሄዷል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የማይናገረው ነገር ስላለ ነው። በቦክስ ደጋፊ ሐዘን ውስጥ ጸጸት አለ። ሐኪሙ ሲሄድ እኛ አልሄድንም። አሊ «እንደገና እገጥማለሁ» ሲል ዓለም ሁሉ ቲኬት ገዛ፣ ቴሌቪዥን ከፈተ። ያረጀ ሻምፒዮን ወደ ሪንግ የሚመለሰው ገንዘብ ስላለ ነው፤ ገንዘቡም የሚመጣው «ምናልባት አንድ ጊዜ ደግሞ» ከምትለው የደጋፊ ተስፋ ነው። ታይሰን በሰኔ ወር በአልሰር ሕመም ብዙ ደም ፈስሶት ሊሞት ደርሶ እንደነበር ከግጥሚያው በኋላ ራሱ ተናግሯል፤ ግጥሚያውም ከሐምሌ ወደ ኅዳር የተዛወረው በዚያ ሕመም ምክንያት ነው። አባትሽ ያን ቅዳሜ ጠዋት ሲቀመጡ ታይሰን እንዲያሸንፍ ተመኝተው እንደነበር አልጠራጠርም። የምንወደው ሰው አቅሙ ያለቀበትን ነገር እንዲያደርግልን ተመኝተን፣ ሲመታ ቁጭ ብለን ካየን፣ በሐዘናችን ውስጥ «እኔም አለሁበት» የሚል ድምፅ ይገባል። ዝም የሚያሰኘውም ብዙውን ጊዜ ይህ ድምፅ ነው። ሰው ለሐዘኑ ቃል ያገኛል፤ ለጸጸቱ ግን አፉ ይያዛል።

አሁን ወደ አባትሽ ዕድሜ ልምጣ። ታይሰን የተወለደው በሰኔ 1958 ዓ.ም. ነው፤ እኩዮች ናቸው ማለት ነው። በኅዳር 1979 ትሬቨር በርቢክን በሁለተኛው ዙር ዘርሮ በ20 ዓመቱ የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሲሆን፣ በዕድሜ ማንም ያልቀደመው ነበር። በዚያው ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የ20 ዓመት ወንድ መሆን ምን ማለት እንደነበር ታላላቆችሽን ጠይቂ። የብሔራዊ ውትድርናው አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ይመለከት ነበር። ሰሜን ጦርነት ነው፤ ሰፈር ውስጥ አፈሳ አለ፤ ሰዓት እላፊ አለ። ልጅ ወጥቶ ሲያመሽ እናት በር በሩን ታያለች። የአንድ ጎረምሳ አካል የራሱ አልነበረም፤ በማንኛውም ቀን ሊወሰድ የሚችል ነገር ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ እኩያው፣ ጥቁር፣ ከብሩክሊን የድሃ ሰፈር የወጣ፣ ካባ ሳይደርብ በጥቁር ቁምጣና በባዶ ቁርጭምጭሚት ወደ ሪንግ እየገባ ከእሱ የሚረዝሙትን እየጣለ ሲወጣ ማየት ምን እንደሚያደርግ አስቢው። አባትሽን አላውቃቸውም፤ የዚያ ትውልድ ወንዶች ሲያወሩኝ ግን ስለ ታይሰን የሚነግሩኝ ከቡጢው ይልቅ አለመፍራቱን ነው።

ሰው ከኖረው ዕድሜ ሁሉ ጎልቶ የሚታወሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያለው እንደሆነ በማስታወስ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። በዚያ ዕድሜ የተወደደ ቦክሰኛ በልብ ውስጥ እንደ ዘመድ ይቀመጣል። ሆርተንና ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1956 እንዳስረዱት፣ በስክሪን ደጋግመን የምናየውን ሰው አእምሯችን በአካል ከምናውቀው ሰው ብዙም አይለየውም። ታይሰን አባትሽን አያውቃቸውም፣ ልክ ነሽ። እሳቸው ግን ያውቁታል፤ 38 ዓመት ሙሉ።

«ታዲያ ታይሰን ከዚህ በፊትም ተሸንፎ የለም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። አዎ። የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በስተር ዳግላስ በ10ኛው ዙር ዘረረው። አቋማሪዎች ዳግላስ ያሸንፋል ላለ 42 እጥፍ ይሰጡ ነበር። ታይሰን በአራት እግሩ ሆኖ ከወለሉ ላይ የጥርስ መከላከያውን ሲፈልግ፣ አግኝቶም አጣሞ አፉ ውስጥ ሲከተው የሚያሳየው ምስል ዓለምን ዞሯል። (ዳግላስ እናቱ ከሞተች ገና 23 ቀኗ ነበር፤ ሐዘን ላይ ሆኖ ነው የገጠመው።) እኛ አገር ያ ሳምንት የምጽዋ ጦርነት ሳምንት ነበር፤ ብዙ ቤት ለራሱ ልጅ እየተጨነቀ ነበር። ግን ያን ጊዜ ታይሰን 23 ዓመቱ ነው፣ አባትሽም 23። በዚያ ዕድሜ ለወደቀ ሰው «ይነሣል» ይባላል። እውነትም ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1996 እንደገና ሻምፒዮን ሆነ። በ58 ዓመት ለወደቀ ግን እንዲህ የሚል የለም። የዛሬውን ከባድ ያደረገው ይህ ነው።

አጎትሽ የሞቱ ጊዜ አባትሽ እንዲህ አለመሆናቸው አስገርሞሻል። እኔን አላስገረመኝም። ያን ጊዜ ድንኳን ተተክሏል፤ እድርተኛው መጥቷል፤ ንፍሮ ተቀቅሏል፤ ሰልስት ወጥቷል። ሰው ሁሉ ምን እንደሚል ያውቃል፣ አባትሽም ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ፤ እንግዳ ይቀበላሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ያስተናግዳሉ። ሐዘኑ ቦታና ሰዓት ነበረው። አበበ ቢቂላ ሜክሲኮ ላይ አቋርጦ ሲወጣ፣ በዓመቱም በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሲሆኑ፣ ሰው ሐዘኑን በየቤቱ ይዞት ነበር። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ሲሞት ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት፣ ከተማው ወጥቶ ቀበረው፤ ያን ጊዜ ለቅሶው መልክ አገኘ። በሕይወት ላለ ሻምፒዮን ግን ቀብር የለም። ለአባትሽ ማን ነው «እግዜር ያጥናዎት» የሚላቸው? ቢሉ እንኳ ይስቁባቸዋል ብለው ይፈራሉ። ኬኔት ዶካ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የጻፈው በትክክል ስለዚህ ነው፤ ኅብረተሰቡ ሐዘን ብሎ ያልተቀበለው ሐዘን ቶሎ አይወጣም፣ ሰው ይደብቀዋል፣ ይቆያል። ፖውሊን ቦስ ደግሞ ሰውየው በሕይወት እያለ የምናውቀው እሱነቱ ሲጠፋ የሚደርሰውን ሐዘን ለብዙ ዓመታት አጥንታለች፤ ማለቂያው ስለማይታወቅ ከሞት ሐዘን ይልቅ የሚያደናግር መሆኑን ትናገራለች። ሱሉልታ ያሉ ሯጮቼም ይህን ይነግሩኛል። ባለፈው ነሐሴ ፓሪስ ላይ ታምራት ቶላ ወርቁን ሲያመጣ እየጨፈሩ ነበር፤ ቀነኒሳ 39ኛ ሆኖ ሲገባ ግን ለምን እንዳለቀሱ ለማንም ማስረዳት አልቻሉም።

በጥያቄሽ መግቢያ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍሽው ነገር አለ፤ እኔን ያስቆመኝ እሱ ነው። ከካዛንቺስ ከወጣችሁ ጥቂት ሳምንታችሁ ነው። አባትሽ ታይሰንን ያዩበት ቪዲዮ ቤት፣ ከግጥሚያው በኋላ የተከራከሩበት ሻይ ቤት፣ ጸጉራቸውን እየተቆረጡ ስለ እሱ ያወሩበት ወንበር የት እንደነበሩ ዛሬ ሄደው ቢፈልጉ አያገኟቸውም። አብረዋቸው ያዩት ሰዎችም ከፊሉ እናንተ ዘንድ፣ ከፊሉ ሌላ ጥግ ተበትነዋል። አንድ የቤት አባወራ ስለዚህ ሲያዝን ምን ይላል? ብዙውን ጊዜ ምንም አይልም። ልጆቹ እንዳይሸበሩ «አየሩ ጥሩ ነው፣ ቤቱም ንጹሕ ነው» ይላል። እሳቸው ካዘኑ ቤቱ ሁሉ ያዝናል ብለው ይሰጋሉ። ለታይሰን ማዘን ግን ማንንም አያሸብርም። ከወር በፊት ሊወጣ የነበረ እንባ በዚያ በር ቢወጣ አይደንቅም። ይህን ስል ለታይሰን ያዘኑት ሰበብ ነው ማለቴ አይደለም። ሁለቱም ሐዘኖች እውነት ናቸው፤ የዘመናቸው ሰውና የዘመናቸው ሰፈር በአንድ ወቅት ሄዱባቸው።

ቅሬታሽን በተመለከተ፣ ትክክል ነሽ፤ ተዪው አልልሽም። ታይሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ የ18 ዓመት ወጣት በመድፈር ጥፋተኛ ተብሎ ሦስት ዓመት ገደማ ታስሯል። ያ በየትኛውም ቀበቶ አይፋቅም። የተደፈረችውን ወጣት ረስቶ ስለ እሱ ጀግንነት ብቻ የሚያወራ ደጋፊ ካጋጠመሽ ተቃወሚው። ግን ሐዘን ምሕረት አይደለም፣ ማንንም ነጻ አያወጣም። አፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ያቃጠሉ፣ ብዙ አገር ያስለቀሱ ንጉሥ ነበሩ፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲወድቁ ግን ሕዝቡ ሙሾ አወረደላቸው፤ ሙሾውም የተቃጠለውን ቤት ማስረሻ አልነበረም። አባትሽ ያዘኑት ለዚያ የ20 ዓመት ልጅ አለመፍራት እንጂ ለወንጀሉ ጠበቃ ሆነው አይደለም ብዬ አምናለሁ። ያም ሆኖ ቅር ማለትሽን ንገሪያቸው። አባት ሴት ልጁ በዚህ ጉዳይ ምን እንደሚሰማት ማወቅ አለበት። ጊዜውን ብቻ ምረጪ፤ ሐዘኑ ትንሽ ረገብ ሲል፣ ሁለታችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ።

አሁን ግን የመጀመሪያውን የታይሰን ግጥሚያ የት እንዳዩት ጠይቂያቸው። ከማን ጋር እንደነበሩ፣ ማን ከፍሎ እንዳስገባቸው፣ ሲወጡ ምን እንዳወሩ። ምናልባት አብሯቸው የነበረው አጎትሽ ይሆን ይሆናል፤ ካልጠየቅሽ አታውቂውም። ሲያወሩ አታቋርጪያቸው፣ አታጽናኚያቸውም። «አሜሪካዊ እኮ ነው»፣ «ገንዘቡን በልቷል»፣ «አርጅቷል፣ ምን ይሁን» የሚሉትን ሦስቱን ቃላት ከአፍሽ አታውጪ፤ ሁሉም እውነት ናቸው፣ ሁሉም አፍ ያስይዛሉ። ስለ ጸጸት ያልኩሽን አንቺ አታንሺባቸው፤ ራሳቸው «እኔ ራሴ አየሁት» ወይም «ባላየው ይሻለኝ ነበር» ካሉ ግን ዝም ብለሽ ስሚያቸው። ለወንድምሽም ንገሪው፤ «እኔ ነኝ የከፈትኩላቸው» ብሎ እየተጨነቀ ከሆነ ጥፋት አልሠራም።

ከካዛንቺስ የመጡ እኩዮቻቸውን እዚያው ገላን ጉራ ፈልጊላቸው፤ መኖራቸው አይቀርም። ሌላ ቦታ የተዛወረ የድሮ ጓደኛ ካለ ስልኩን አፈላልገሽ አገናኚያቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፍልተሽ ሁለት ሦስቱን ቤት ጥሪ። ስለ ታይሰን ለማውራት ነው አትበያቸው፤ ከተቀመጡ ራሳቸው ያነሡታል። የድሮዎቹን ግጥሚያዎች በስልክ ማየት ከፈለጉም ይዩ፤ ሰው ባለበት ይሁን እንጂ ሌሊት ብቻቸውን ደጋግመው የሚያዩት ከሆነ በቀስታ «አብረን እንይ» በያቸው።

ወደ በሽታ የሚያደላው መቼ ነው? በአብዛኛው ቀን ድባቴው ሳይለቃቸው ከሁለት ሳምንት ካለፈ፤ እንቅልፍ ካጡ ወይም ከአልጋ መውጣት ካስጠላቸው፤ ድሮ የሚወዱትን ሁሉ ከተዉ፤ ክብደታቸው በሚታይ ሁኔታ ከቀነሰ፤ መጠጥ ካበዙ፤ «ከእንግዲህ ምን ቀረኝ» የሚል ንግግር ከደጋገሙ። ከእነዚህ ጥቂቱ ተደርቦ ካየሽ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው፤ ወደ እናንተ አቅጣጫ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም አለ፤ ካስፈለገ ወደ አማኑኤል ይጽፉላችኋል። ስለ መሞት ወይም ራስን ስለ መጉዳት ካወሩ ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፤ በዚያኑ ቀን ውሰጃቸው፣ ብቻቸውንም አትተያቸው። በ58 ዓመት የምግብ ፍላጎት መቀነስ የውስጥ ሕመም ምልክትም ሊሆን ስለሚችል፣ ሐዘኑ ቢቀልላቸውም እንኳ መብላቱ ካልተመለሰ ደማቸውን ይታዩ፣ ግፊታቸውንም ይለኩ። ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱ አብረሽ ግቢ። እሳቸው «ደህና ነኝ» ሊሉ ስለሚችሉ የምግቡንና የእንቅልፉን ነገር ለሐኪሙ የምትናገሪው አንቺ ነሽ።